የተላ የዶሮ ቁስል፦ ጨው ውሃ፣ ቤታዲን፣ ላምባ ወይስ አይቨርሜክቲን?

ነሐሴ ነበር። ዝናቡ አምስት ቀን ሳያባራ ቆይቶ በስድስተኛው ቀን ፀሐይ ወጣች። ቀይዋ ሳሶ ዶሯችን ከቆጥ አልወረደችም። ጥሬ ስበትንላቸው ሌሎቹ ተሻምተው ለቀሙ፤ እሷ አንገቷን ደፍታ ቆማለች። ሳነሳት መጀመሪያ የመጣብኝ ሽታው ነው፤ የሞተ አይጥ ሽታ። ጅራቷ ስር ያለው ላባ ተጣብቆ ርሷል። በጣቴ ገለጥ ሳደርገው ቆዳዋ ላይ ሩዝ የፈሰሰ መሰለኝ። ሩዙ ተንቀሳቀሰ።

ወዲያው ግቢው በምክር ተሞላ። ጎረቤታችን ላምባ በጠርሙስ ይዘው ብቅ አሉ። ሌላው ፍሊት ይሻላል አለ። ከብት የሚያረባ ዘመዳችን በስልክ "አይቨርሜክቲን ስጧት" አለን፤ ለከብትና ለበግ የሚሰጠውን የጥገኛ ተባይ መድኃኒት። እናቴ ደግሞ "አታሰቃዩዋት፣ ታርዳ ትገላገል" አለች። ሁሉም ከልባቸው ነው የተናገሩት። እኔ ግን ዶሮዋን እንደታቀፍኩ የትኛውን እንደምይዝ ግራ ገባኝ።

ከዚያ ወዲህ በእኛም በጎረቤትም ግቢ እንዲህ ያለ ቁስል ደጋግሜ በእጄ አጥቤያለሁ። የገባኝ ነገር ይሄ ነው፦ ዶሮዋን ከመድኃኒቱ ይልቅ የሚያድናት የእጅ ሥራው ነው። ትሉን ለቅሞ መጨረስ፣ ከሰዓታት በኋላ ተመልሶ ማየት፣ ዝንብ ዳግም እንዳያገኛት መከለል። ስለዚህ ከታች ያሉትን አማራጮች ሳወዳድር ትሉን የሚገድለው የትኛው እንደሆነ ብቻ አላይም። የዶሮዋን ሥጋ የማይጎዳው የትኛው እንደሆነም አያለሁ።

ጊዜው ለምን አጭር ሆነ?

ይህን የሚያደርገው በብዛት አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ሆኖ የሚያብለጨልጨው ትልቁ ዝንብ ነው። ደምና እርጥብ ኩስ ከሩቅ ይሸተዋል። በአንድ ጊዜ ከመቶ በላይ እንቁላል ይጥላል። እንቁላሉ ነጣ ያለ፣ ላባ ስር እንደ አይብ ፍርፋሪ ተጣብቆ የሚታይ ነው። ሙቀት ካገኘ በ24 ሰዓት ውስጥ፣ አንዳንዴም በግማሽ ቀን ይፈለፈላል። የዶሮ ገላ ደግሞ 41 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ከዚህ የተሻለ ማሞቂያ የለም።

ትሉ አፉ ላይ ባለው መንጠቆ ይቧጥጣል፤ ሥጋ የሚያሟሟ ፈሳሽም ይተፋል። ጠዋት የሳንቲም ስፋት የነበረው ቁስል በማግስቱ መዳፍ ሊያክል ይችላል። ከሚበሰብሰው ሥጋ የሚወጣው መርዝም ወደ ደሟ ይገባል። "ነገ ቅዳሜ ነው፣ ነገ አያታለሁ" የማይባልበት ችግር ነው።

ቤት ማከም፣ ሐኪም ወይስ ማረድ?

ይህ ከሁሉም የሚቀድም ምርጫ ነው፤ ዶሮዋን በደንብ ሳያዩ አይወሰንም። ደህና ብርሃን ያለበት ቦታ ቁጭ በሉ። አንድ ሰው በፎጣ ጠቅልሎ ይያዛት። ቁስሉ ዙሪያ ያለውን ላባ በመቀስ ቁረጡት፤ አትንቀሉት። የረጠበና የተጣበቀ ላባ ሲነቀል ቆዳውም ተቀዶ አብሮ ይመጣል።

ትሉ ከላይ ያለ፣ ቁስሉ ቆዳና ትንሽ ሥጋ ብቻ የነካ፣ ዶሮዋም ቆማ ውሃ የምትጠጣ ከሆነ ቤት ውስጥ ማከም ይቻላል። ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው።

ቁስሉ ዋሻ ሠርቶ መጨረሻው ካልታየ፣ ትሎቹ ጭንቅላታቸውን ቀብረው ጭራቸው ብቻ ከታየ፣ ወይም ያሉት ትኩስ ቀይ ሥጋ ውስጥ እንጂ የበሰበሰው ላይ ካልሆነ ወደ ሐኪም ውሰዷት። ከሰሃራ በታች ባሉ አገሮች ሕያው ሥጋ እየሰረሰረ የሚገባ የዝንብ ትል አለ። እሱን በወረንጦ ብቻ መጨረስ ከባድ ነው። ሁለት ሦስቱን ትል አልኮል ባለበት ብልቃጥ ይዛችሁ ብትሄዱ ሐኪሙ ዓይነቱን ለመለየት ይረዳዋል። በብዙ ወረዳ የእንስሳት ጤና ጣቢያ አለ። ለአዲስ አበባና ለአካባቢዋ ሰው ደግሞ ቢሾፍቱ ያለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ሩቅ አይደለም። "ለአንድ ዶሮ ሐኪም?" የሚል ሰው አይጠፋም። እኔ ግን በቀን አንድ እንቁላል የምትሰጥ ዶሮ ይህ አይበዛባትም ባይ ነኝ።

ሆድ ዕቃዋ ከታየ፣ መቆም ካቃታት፣ ኩክኒዋ ገርጥቶ ወይም ጠቁሮ አንገቷ ከተልፈሰፈሰ፣ እናቴ ያለችው ትክክል ነው። እጁ የለመደ ሰው ቶሎ ይገላግላት። ሥጋዋ ግን አይበላም፤ ለውሻም አይሰጥም። ጥልቅ ጉድጓድ ተቆፍሮ ይቀበር። ቆሻሻ ገንዳ ውስጥ የተጣለች እንደሆነ እነዚያ ትሎች በሳምንት በሁለት ሳምንት ዝንብ ሆነው ተመልሰው ይመጣሉ።

በምን ይታጠብ?

የሰው ስህተት የሚበዛው እዚህ ላይ ነው። ስለዚህ ረጋ ብለን እንየው።

ጨው ውሃ የእኔ የመጀመሪያ ምርጫ ነው። ግማሽ ሊትር ውሃ አፍልቶ ለብ እስኪል ማቀዝቀዝ፣ ያልተቆለለ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ማሟሟት። በቃ። ይህ መጠን ከሰውነት ፈሳሽ ጋር የተቀራረበ ስለሆነ አያቃጥላትም፤ ሥጋዋንም አይጎዳም። ትሉን አይገድለውም። ነገር ግን መርፌው በወጣለት በ20 ሚሊ ሲሪንጅ ገፋ አድርጋችሁ ስትረጩት እየጠረገ ያወጣዋል። የበሰበሰው ሥጋም መግሉም አብሮ ይወጣል። ስለ መግል ካነሳሁ፣ የዶሮ መግል እንደ ሰው አይፈስም። እንደ ደረቅ አይብ ጠጥሮ ይቀመጣል። ሲፈስ ባለማየታችሁ ቁስሉ ንጹሕ ነው ብላችሁ እንዳትዘናጉ።

"ጨው ሲበዛ ይሻላል" የሚሉም አሉ። አይሻልም። ጨው የበዛበት ውሃ ሥጋውን ያደርቃል፣ ያሳምማታልም።

ቤታዲን ከጨው ውሃ ቀጥሎ የሚመጣ ነው፤ ቦታውን አይተካም። ምክንያቱም ደምና መግል ባለበት ኃይሉን ያጣል። መጀመሪያ በጨው ውሃ ማጥራት፣ ከዚያ በቤታዲን መለቅለቅ። ከጠርሙሱ እንዳለ አይፈስም፤ የቀጠነ ሻይ እስኪመስል በውሃ ይቀጥናል። አንድ እጅ ቤታዲን ለአሥር እጅ ውሃ ከተባለ ይበቃል። ከዚህ የወፈረው ለመዳን የሚሞክረውን አዲስ ሥጋ ይጎዳል።

ክሎርሄክሲዲን ካገኛችሁ ከቤታዲን በአንድ ነገር ይበልጣል፤ ታጥቦም ቆዳው ላይ ለሰዓታት መሥራቱን ይቀጥላል። ባለ 2 በመቶ ከሆነ አንዱን እጅ በ40 እጅ ውሃ አቅጥኑት። ዓይኗና ጆሮዋ አጠገብ ላለ ቁስል ግን አይሆንም። ሳቭሎንም ክሎርሄክሲዲን አለበት። ሌላ ሳሙናነት ያለው ነገርም ስለተቀላቀለበት ጠርሙሱ ላይ ለቁስል ከተጻፈው መጠን አትለፉ። ሁለቱም ካሉኝ እግርና ጀርባ ላይ ላለ ቁስል ክሎርሄክሲዲኑን፣ ፊት አካባቢ ላለው በደንብ የቀጠነ ቤታዲን እመርጣለሁ።

ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ አረፋው ሲፈላ ትሎቹ እየተርመሰመሱ ስለሚወጡ ሰው ይወደዋል። እውነት ነው፣ ያስወጣቸዋል። ነገር ግን ጤነኛውንም ሥጋ ያቃጥላል፤ ዋሻ የሆነ ቁስል ውስጥ ደግሞ አየሩ ወደ ውስጥ ሊገባ ስለሚችል አደገኛ ነው። ከላይ ለሆነ፣ ብዙ ትል ላለበት ቁስል፣ ባለ 3 በመቶውን አንድ ጊዜ ብቻ ተጠቅሞ ወዲያው በጨው ውሃ ማጠብ ይቻላል። በየቀኑ ማድረግ ግን ቁስሉ እንዳይድን መከልከል ነው። እኔ ተውኩት። የሲሪንጁ ግፊት ያንኑ ይሠራልኛል።

አረቄ፣ ሎሚ፣ ዴቶልና በረኪናን ከዝርዝሩ አውጡ። እነሱ ለወለል ናቸው፤ ሎሚና አረቄውም ለሌላ ነገር።

ትሉን መልቀም ወይስ መግደል?

መልቀም። ወረንጦ፣ ሲሪንጅ፣ ጎድጓዳ ሰሃን በሙቅ የሳሙና ውሃ። እየለቀማችሁ ሰሃኑ ውስጥ መጣል። መጀመሪያ ትልልቆቹ ይወጣሉ። ብርሃን ስለማይወዱ ትንንሾቹ ወደ እጥፋቱ ይሸሻሉ። አንድ ዙር አጥባችሁ፣ አምስት ደቂቃ ጠብቃችሁ፣ እንደገና እዩ። ያኔ ከየት እንደመጡ የማታውቋቸው ብቅ ይላሉ። ቀይዋን ዶሮ ስናክም አለቀ ብለን ሦስት ጊዜ አቁመን ሦስት ጊዜ ተመልሰናል። ከላባው ግንድ ጋር የተጣበቀውን እንቁላል ደግሞ አጥቦ ማውጣት አይሆንም፤ ላባውን ከሥሩ መቁረጥ ነው የሚሻለው።

መድኃኒት ረጭቶ እዚያው መግደል ቀላል ይመስላል። ግን የሞተው ትል ቁስሉ ውስጥ ይበሰብሳል። በመጨረሻ መልቀሙ አይቀርም።

"ትል እኮ ቁስል ያጸዳል፣ ተዉት" የሚል ምክርም ሰምታችሁ ይሆናል። መሠረት አለው። በሰው ሕክምና የዝንብ ትል የማይድን ቁስል ለማጽዳት ያገለግላል፤ አሜሪካ ውስጥ በ2004 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በይፋ ተፈቅዷል። ነገር ግን እዚያ የሚቀመጠው ከጀርም ነጻ ሆኖ የተፈለፈለ፣ የተቆጠረ፣ በሁለት ሦስት ቀን የሚነሳ ትል ነው። ከኩስ ላይ የመጣው ያን አይደለም።

የለቀማችሁትን ትል ለሌሎቹ ዶሮዎች አትበትኑ። ዶሮ ትል ትወዳለች፣ እውነት ነው። ግን ከበሰበሰ ሥጋ የወጣ ትል ቦቱሊዝም የሚባለውን በሽታ የሚያመጣ መርዝ ሊይዝ ይችላል። ያ መርዝ አንገቷን አልፈስፍሶ የሚጥላት ነው።

ላምባ፣ ፍሊት፣ የመዥገር መድኃኒት፣ ትምባሆ

ጎረቤታችንን ላምባውን ይዘው ሲመለሱ ቅር እንዳይላቸው ቡና አፍልተን ነው ያስረዳናቸው። እሳቸው ልጅ ሳሉ በሬ ሲቆስል እንዲሁ ይደረግ ነበር። ትሉንም በርግጥ ይገድለዋል። ግን በሬ 300 ኪሎ ነው፣ ዶሮ 2 ኪሎ። ላምባ ቆዳዋን ያቃጥላል። ላባዋን በመንቁሯ ስታስተካክል ትውጠዋለች። ትነቱም ሳንባዋን ይጎዳል። ወፎች አየር የሚስቡበት መንገድ ከእኛ የተለየና ስስ ነው። ፍሊትንም የማልነካው በዚሁ ምክንያት ነው።

ከሁሉም የሚያስፈራኝ ዳያዚኖን ነው። ለበግና ለከብት መዥገር ስለሚሸጥ በየቤቱ ይገኛል። እሱና ማላታይን የሚመደቡበት የመድኃኒት ቤተሰብ ነርቭ ያሽመደምዳል፤ ወፎች ደግሞ ለዳያዚኖን በጣም ስስ ናቸው። ቁስል ላይ ሲደረግ በቀጥታ ወደ ደሟ ይገባል። ትምባሆ ዘፍዝፎ ማጠብም ያው ነው፤ ኒኮቲን ለዶሮ መርዝ ነው።

ከፀረ ነፍሳት ወገን የምቀበለው ፐርሜትሪን ብቻ ነው፤ እሱም ለዶሮ ተብሎ የተዘጋጀ ሲሆን። ቁስሉ ውስጥ አይገባም። ዙሪያውን ላባዋ ላይ በስሱ ይደረጋል፤ ዝንብ እንዳያርፍባት። ድመት ካላችሁ ተጠንቀቁ፣ ድመት ይገድላል።

አይቨርሜክቲንና አንቲባዮቲክ

አይቨርሜክቲን ትሉ ላይ ይሠራል። ስለዚህ የዘመዳችን ምክር ባዶ አይደለም። ችግሩ መጠኑ ነው። በመርፌ የሚሰጠው ባለ 1 በመቶ ሲሆን በአንድ ሚሊ ሊትር 10 ሚሊግራም አለው። ለከብትና ለበግ የሚታዘዘው በኪሎ 0.2 ሚሊግራም ነው። በዚያው ስሌት ለ2 ኪሎ ዶሮ 0.04 ሚሊ ሊትር ይሆናል፤ ከአንድ ጠብታ ያንሳል። ያን በቤት ሲሪንጅ ሳይሳሳቱ መለካት አይቻልም። መድኃኒቱ እንቁላል ውስጥም ይገባል። ስለዚህ ይህን ሐኪም ይስጥ፣ እንቁላሏም ለስንት ጊዜ እንደማይበላ እሱው ይንገራችሁ። ከጨው ውሃና ከወረንጦ ጋር ሳወዳድረው፣ ትሉ በእጅ በማይደረስበት ቁስል ላይ ብቻ ነው የሚበልጠው።

አንቲባዮቲክንም በዚሁ ዓይን እዩት። ኦክሲቴትራሳይክሊን ዱቄት ውሃ ውስጥ በጥብጦ መስጠት የተለመደ ነው። የታመመች ዶሮ ግን ውሃ የምትጠጣው በጥቂቱ ስለሆነ የሚደርሳት መድኃኒት አይበቃትም። ጀርሙን ሳይገድል ያለማምደዋል። ጥልቅ ቁስል ካላት በክብደቷ ተለክቶ ይሰጣት። የሕመም ማስታገሻም ሐኪሙን ጠይቁ። ዶሮ ሕመሟን ትደብቃለች፤ የሚያማት ግን እንደማንኛውም ፍጡር ነው።

ከታጠበ በኋላ ምን ይቀባ?

በእኔ ልምድ ብዙው ቁስል ዝንብ በሌለበት ቤት ምንም ሳይቀባ ይድናል። መቀባት ካስፈለገ ቲቲሲ (ቴትራሳይክሊን) ቅባት በስሱ፤ ያኔም የእንቁላሉን ነገር ሐኪም ጠይቁ። ሕመም ያደነዝዛል የሚባለውን የሰው ቅባት፣ ስሙ በ"ኬይን" የሚያልቅ ነገር ያለበትን፣ አታድርጉ፤ ወፎችን ሊመርዝ ይችላል።

ማር ጥሩ ነው። ውሃውን ከቁስሉ ስለሚመጥ ጀርም አይመቸውም። ግን ሁለት ነገር አለው። አንደኛ፣ ንጹሕ ማር መሆን አለበት፤ ስኳር የተቀላቀለበት አይሆንም። ሁለተኛ፣ ጉንዳንና ዝንብ ይጠራል። በጋዝ ካልተሸፈነና ዶሮዋ ቤት ውስጥ ካልሆነች ማር ያባብሳል። ቫዝሊን ላባዋን አጨማልቆ ብርድ ያስመታታል። ጂቪ፣ ሐምራዊው የቁስል ቀለም፣ ቀዩን ደም ደብቆ ሌሎቹ እንዳይጠቀጥቋት ይረዳል፤ በአንዳንድ አገሮች ግን ለምግብ በሚውሉ እንስሳት ላይ ተከልክሏል። ለብቻዋ ካደረጋችኋት አያስፈልጋትም።

የት ትተኛ?

ለእኔ ከመድኃኒቱ ሁሉ የሚበልጠው ይሄ ነው። ዶሮ ቤት ትመለስ ካላችሁ ዝንቡም ይመለሳል፤ ሌሎቹም ቁስሉን ይጠቀጥቁታል። ትልቅ ካርቶን ውሰዱ። ሰጋቱራ አቧራው ቁስሉ ላይ ስለሚጣበቅ ታጥቦ የደረቀ ጨርቅ ወይም ጋዜጣ አንጥፉ። በየቀኑ ቀይሩት። ከላይ አጎበር ጣሉበት። ጠርዙ መሬት እስኪነካ ድረስ ይውረድ፤ ዝንብ በጣት ቀዳዳ ይገባል።

ታጥባ የረጠበች ዶሮ ብርድ ቶሎ ይጥላታል። በፎጣ አድርቁ። ሃይላንድ ውስጥ ሙቅ ውሃ ሞልታችሁ በጨርቅ ጠቅልላችሁ አጠገቧ አስቀምጡላት፤ ከፈለገች ትጠጋዋለች። በመጀመሪያው ቀን ውሃዋ ላይ ለምለም (ኦ.አር.ኤስ) በጥብጡላት። የተቀቀለ እንቁላል ፈርፍራችሁ፣ መኖዋን በውሃ አርሳችሁ ስጧት።

ከዚያ ሰዓት ቁጠሩ። በመጀመሪያው ቀን በየአራት በየአምስት ሰዓቱ ቁስሉን እዩ። ያመለጠ እንቁላል ካለ የሚፈለፈለው በዚህ ጊዜ ነው። ማታም አንድ ጊዜ በባትሪ። ከሁለተኛው ቀን ጠዋትና ማታ ይበቃል። አንድ አዲስ ትል ካገኛችሁ ቆጠራው ከዜሮ ይጀምራል።

ጎን ለጎን ምክንያቱን ፈልጉ። ጅራቷ ስር ከሆነ ተቅማጥ አለባት ማለት ሊሆን ይችላል። ጀርባዋ ላይ ከሆነ የአውራ ዶሮው ጥፍር፤ አንገቷ ላይ ከሆነ ድመት ወይም የጓደኞቿ ጥቅጠቃ።

ቀይዋ ሳሶ በሁለተኛው ቀን ማታ ሁለት ትንንሽ ትል ተገኘባት፤ ከዚያ በኋላ ምንም። በአራተኛው ቀን ቁስሉ ላይ ሮዝ ሥጋ መብቀል ጀመረ፣ ሽታውም ጠፋ። ካርቶኑን እየጫረች አላስተኛን አለች። በሦስተኛው ሳምንት ጅራቷ ስር የአዲስ ላባ ጫፍ እንደ መርፌ ብቅ ብሎ ነበር። አሁን ከሐምሌ እስከ መስከረም በየሁለት ቀኑ፣ ማታ ቆጥ ላይ ሲሰፍሩ፣ የእያንዳንዷን ጅራት በባትሪ ገልጬ አያለሁ። የቆሸሸ ላባ ካለ ያን ጊዜውኑ በመቀስ ነው።